ፈውዚያ ያመጣችው ካርድ

«የኔን ድምፅ ለልጅ ልጅ የምታስቀምጥልኝ ፈውዚያ ናት» አሉ ሸህ ሀቢቡላህ። «እሱማ ያው ማሽኑን ይነካካል።»

አሕመድኑር ይህን የሰማው ሱቁ ውስጥ ቆሞ ካቻቪቴውን በጨርቅ ሲወለውል ነው። ሱቁንና ሳሎኑን የሚለየው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ አንድ የችፑድ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ፣ በወዲያኛው በኩል ሻይ ሲማሰል እንኳ በዚህኛው ይሰማል። አባቱ ያንን ያሉት ለጋሽ ደሳለው ነበር፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪና ጎረቤት ናቸው፣ ጠዋት ጠዋት ከሸሁ ጋር ሳይጫወቱ አይውሉም። «ወላሂ ታድለዋል!» አሉ ጋሽ ደሳለው። «ማተብ አስረው ወላሂ?» አሉ ሸሁ፤ ሁለቱም ሳቁ። ቀልዱ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል። አሕመድኑር ሳቁ በየትኛው ቃል ላይ እንደሚጀምርና ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ያውቃል። ዛሬ ግን ሳቁ ካለቀ በኋላም «ይነካካል» የምትለው ቃል ከጆሮው አልወጣችም።

ከፎቶ ኮፒው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አንድ መቶ አርባ ሦስት ካሴት ተደርድሯል። በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፎ ቁጥሩ፣ ቀኑና የኪታቡ ገጽ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። ከ1991 ጀምሮ ባዶ ካሴት በተገኘ ቁጥር ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ አባቱ ደረሶቻቸውን ሲያስተምሩ፣ አሕመድኑር ቴፑን በታጠፈ የበግ ቆዳ ላይ ያስቀምጥ ነበር፤ የወለሉ ድምፅ እንዳይገባ ነው። ከዚያ ሳያስል፣ ሳይንቀሳቀስ አንድ ሰዓት ይቀመጣል። ባለፉት ሁለት ዓመታት ደግሞ ካሴቶቹን አንድ በአንድ በገመድ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጧል። የአንድ ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም። መሐል ላይ መብራት ከሄደ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ይህን ሲሠራ ያየው ሰው የለም። የመካነ ሰላም ከተማ ሰው ያየው ኮምፒውተሩ ፈውዚያ ከጅዳ በላከችው ገንዘብ መገዛቱን ነው።

ፈውዚያ በአራት ዓመት ታናሹ ናት። በ1991 በአሥራ ስምንት ዓመቷ ሄዳ፣ ባለፈው ወር ከዐሥር ዓመት በኋላ መጣች። አርባ ቀን ቆይታ ነገ ማለዳ በደሴው አውቶቡስ ልትመለስ ነው። ከያዘችው ዕቃ መካከል እንደ ኪስ መጽሐፍ የምታህል ዲስክ ነበረች። የአባቷን ትምህርት በሙሉ በዲስኳ ገልብጣ ጅዳ ላሉ የወሎ ልጆች ልታደርስ ነው የመጣችው። ሸሁ ይህን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ተናግረዋል፤ ለወረኢሉ ሰው፣ ለከላላ ሰው፣ ለቅሶ ሊደርስ ለመጣ ሰው ሳይቀር። ችግሩ ኮምፒውተሩ ያረጀ መሆኑ ነው። ከኋላው ካሉት ሁለት የፍላሽ መሰኪያዎች አንደኛው ተሰብሯል፤ ሁለተኛው ይሠራል፣ ግን ዝግተኛ ነው። ሁለት ጊዜ ሞክረዋል። ሁለቱንም ጊዜ ማሽኑ ዐሥራ አራት ሰዓት እፈልጋለሁ ብሎ ጻፈ፤ አንዴ በሦስተኛው ሰዓት፣ አንዴ በሰባተኛው መብራት ሄደ። በዚህ ከተማ በዚህ ጥር ወር መብራት ዐሥራ አራት ሰዓት ሙሉ ቆይቶ አያውቅም። ፈውዚያ ግን ለዚህም መላ ይዛ መጥታ ነበር፦ ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ የምትሰካ፣ ፈጣን መሰኪያዎች ያሏት ካርድ። ትናንት ካርቶኗን ሳሎን መሐል ከፍታ ለሁሉም አሳየች። ለዛሬ የቀረው መሰካት ብቻ ነው።

ጋሽ ደሳለው እንደሄዱ አሕመድኑር ኮምፒውተሩን አጠፋ። ገመዱን ከግድግዳው ነቀለና ማስነሻውን ባዶውን አንዴ ተጫነው፣ ውስጡ የቀረ ኤሌክትሪክ እንዲወጣ። ሳጥኑን በጎኑ አስተኛው። ብሎኖቹን ፈትቶ፣ እንዳይጠፉ በሻይ ማቅረቢያ ሳህን ላይ አስቀመጣቸው። ሽፋኑ ሲነሳ የበግ ጠጉር የመሰለ አቧራ ታየ፤ በቀለም ብሩሽ ጠረገው። ሁሉንም ከሚያስፈልገው በላይ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ፈውዚያ በዓባያዋ ላይ ሹራብ፣ በሹራቧ ላይ የእናቷን ጋቢ ደርባ ከኋላው ቆማለች፤ የደጋውን ብርድ ረስታዋለች። ሥራ መሆኑን እንድታይ ፈልጓል።

«ልያዛት?» አለች ካርዷን አይታ።

«ሹራብ ለብሰሽ አትንኪያት። ሰውነትሽ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ይገድላል።»

«እኔን ነው እሷን?»

«እሷን።»

«ሠላሳ አምስት ሪያል ብቻ'ኮ ናት፣ ትሙት!» ብላ ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። ሠላሳ አምስት ሪያል እሱ ሠላሳ ገጽ ማመልከቻ ተይቦ የሚያገኘው ነው፤ «ብቻ» ማለቷን መዝግቦ ያዘ። የሳጥኑን ብረት በጣቱ ነክቶ ራሱን ካፀዳ በኋላ ካርዷን በጠርዟ ያዛት። የመዳፍ ያህል ናት፤ በብረቱ በኩል ወደ ውጭ አራት ቀዳዳ፣ ወደ ውስጥ አንድ፣ ከሥሯ ደግሞ ወርቅማ ጥርሶች። ከኋላ ያለውን የቆርቆሮ መክደኛ አንሥቶ፣ ጥርሶቹን ከነጩ መሰኪያ ጋር አስተካክሎ፣ በሁለት አውራ ጣቶቹ እኩል ተጫነ። ቀጭን ድምፅ አሰምታ ገባች። በአንድ ብሎን አሰራት፤ ሽፋኑን መለሰ።

«አለቀ?» አለች ፈውዚያ። «ይሄው ነው በቃ?»

ሰዓቱን አየ። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጅቶበታል። ሌላ ሰው ቢሆን አራት ይበቃዋል፤ እሱ ግን ሃምሳ እንዲሆን ይመኝ ነበር።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ አዲስ ዕቃ አገኘሁ አለ፤ ከዚያ ምን እንደሆነ አላውቅም አለ። አሕመድኑር የዕቃዎቹን ዝርዝር ከፍቶ ሲያይ በካርዷ ስም ትይዩ ቢጫ የጥያቄ ምልክት ተቀምጧል። ዲስኳን ሰካት። ዲስኳ ታየች፤ ነገር ግን በማያ ገጹ ግርጌ አንዲት ትንሽ ማስታወቂያ ብቅ አለች፦ ይህ ዕቃ ከዚህ በላይ መፍጠን ይችል ነበር። መገልበጥ አስጀመረ። ዐሥራ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አለ። ካርዷ ተሰክታለች፣ ማሽኑ ግን ቋንቋዋን አያውቅም፤ የሚያስተምረው ከካርዷ ጋር የሚመጣ ትንሽ ሲዲ ነው። አሕመድኑር ከጠዋት ጀምሮ ደረቱ ላይ የነበረው ነገር ሲቀልለው ታወቀው።

«ሲዲዋስ?» አለ።

«ካርቶኑ ውስጥ ናታ።»

ካርቶኑን ገልብጦ አሳያት። ባዶ ነው።

«ትናንት ነበረች» አለች። «ከወረቀት ጋር፣ በነጭ ፖስታ።»

«ያለ ሲዲዋ ካርዷ ቆርቆሮ ናት» አለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ችፑዱ አዙሮ። «ጅዳ ጥለሻት መጥተሻል! እዚያ ድረስ ተሂዶ ግማሽ ዕቃ ይገዛል?»

ከችፑዱ ወዲያ የሻይ ማንኪያው ቆመ። ፈውዚያ ወደ ሳሎን ገብታ፣ ለመንገድ በገመድ ተጠርንፎ የቆመውን ሻንጣዋን አስተኛችና ቋጠሮውን በጥርሷ መፍታት ጀመረች።

ለፎቶ ኮፒው መሰኪያ ማከፋፈያ ያስፈልግ ነበርና አሕመድኑር ወደ አባቱ ክፍል ሄደ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋ፣ መስገጃ፣ ኪታቦቹ የሚቀመጡበት ከፍ ያለ መደርደሪያ። ማከፋፈያውን ከአልጋው ሥር ስቦ ቀና ሲል ከኪታቦቹ መካከል የሚወጣ አንድ ነጭ ጫፍ አየ። ሳበው። በዓረብኛ የተጻፈበት የታጠፈ ወረቀትና ነጭ ፖስታ፣ በፖስታው ውስጥ ከመዳፉ የምታንስ ሲዲ ነበር። የሸህ ልጅ ነውና ወረቀቱን አነበበው። ከእርጥበት ይራቅ፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ይቀመጥ፣ ዋስትናው አንድ ዓመት ነው ይላል። እናቱ ሀጀራ የታጠበ ልብስ ይዘው ገቡ።

«እማ፣ ይሄን እዚህ ማን አደረገው?»

«እኔ ነኛ» አሉ። «ትናንት ካርቶኑን ስትከፍተው መሬት ወደቀ፤ አንዳችሁም ዞር ብላችሁ አላያችሁም። የዓረብኛ ጽሕፈት ይረገጣል እንዴ? አቧራውን አራግፌ፣ ስሜው፣ ከቁርኣኑ ዝቅ አድርጌ አኖርኩት። ጥፋት ነው?»

«የለም። ደግ አድርገሻል» አለ አሕመድኑር። ወረቀቱንና ሲዲውን እንደነበሩ መልሶ አስቀመጠ፤ ጫፉ እንዳይታይ ግን ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋው።

ማከፋፈያውን ይዞ ሲመለስ ሳሎኑን አቋርጦ ማለፍ ነበረበት። ሻንጣው ተከፍቷል። አርባ ቀን ሙሉ እናቷ ያዘጋጁላት ስንቅ፣ በላስቲክ ላይ ላስቲክ የተጠቀለለው በርበሬ፣ በጨርቅ የታሰረው በሶ፣ ሁለት ነጠላ፣ ለአሠሪዋ ልጆች የተገዛ ትንሽ አገልግል፣ ሁሉም ምንጣፉ ላይ ወጥቷል። ፈውዚያ እያንዳንዱን ልብስ ከፍታ ታራግፋለች፣ ታጥፋለች፣ ወደ ጎን ታደርጋለች። አባቷ መቁጠሪያቸውን ይዘው አጠገቧ ተቀምጠዋል፤ አያዩዋትም። አሕመድኑር አንድ ቃል ቢናገር ሁሉም ያበቃል። ሳይናገር አለፈ። ሱቁ ገብቶ ለአንድ ገበሬ የመሬት ማመልከቻ ተየበለት፤ ሦስት ቦታ ተሳስቶ ሦስት ጊዜ ደለዘ፤ እንዲህ ተሳስቶ አያውቅም። ኮምፒውተሩ በጎን በኩል መገልበጡን ቀጥሏል። ሰባት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ መጣ፤ የተገለበጠው ተቋርጦ ቀረ። ይሄኔ የተሰማው ደስታ እንደ ጠዋቱ አልነበረም፤ እንዳልጠነከረ ሻይ ነበር።

ምሳ በአንድ ትሪ ቀረበ። እናቱ ስለ ደሴው መንገድ ጠየቁ፤ አባቱ ደህና ነው አሉ። ፈውዚያ ሁለት ጊዜ ጎርሳ እጇን ታጠበችና ወደ ሻንጣዋ ተመለሰች። ከጎን ኪሱ የስልክ ቁጥር የምትጽፍበትን ደብተር አውጥታ ቅጠሎቹን ማገላበጥ ጀመረች። ከዚያ አንዱን ገጽ ከፍታ ይዛ ሱቁ ድረስ ተከተለችው።

«እይ» አለች። «አላጠፋሁም'ኮ። እንዳልከኝ ነው የገዛሁት።»

ገጹ ላይ በትልልቅ ፊደል፣ በጥድፊያ፣ እንዲህ ተጽፏል፦ ፒ ሲ አይ። ዩ ኤስ ቢ፣ ሁለት የሚለውን እንጂ አንድ የሚለውን አይደለም። ነጭ መሰኪያ። ሲዲ ያለው መሆኑን ሳታይ እንዳትገዢ። አሕመዴ ብሏል። ከሥሩ ቀኑ አለ፤ ከስድስት ወር በፊት። አሕመድኑር ያኔ ትዝ አለው። በስልክ ስለ ማሽኑ ዝግታ ሲያማርር ጠይቃው በስሜት ዘረዘረላት፤ ሳንቲሟ እንዳያልቅ እየተጣደፈች ነበር የምትሰማው። ከዚያ ረሳው። እሷ ግን እያንዳንዱን ቃል ጽፋ ከሱቅ ሱቅ ይዛው ዞራለች። በዚህ ቤት እሱ የተናገረውን ነገር የጻፈ ሰው ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

«ባለሱቁ ፊት አስከፍቼ አይቻታለሁ ሲዲዋን» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ። «ወላሂ፣ አይቻታለሁ።»

ተነሣ። በሳሎኑ አልፎ ወደ አባቱ ክፍል ገባና ወረቀቱንና ፖስታውን ከኪታቦቹ መሐል አወጣ። እናቱ በር ላይ አገኙት። «ውዱእ አለህ?» አሉት። «የካርዷ ወረቀት ነው፣ እማ። የዕቃ ዋስትና» አለ። «የምንስ ቢሆን!» አሉ፤ «በግራ እጅህ አትያዘው።» በቀኙ ያዘው። ለፈውዚያ ሲሰጣት «እማ አንሥታው ኖሯል» አለ። መቼ እንዳገኘው አልተናገረም። እሷ ፊቱን አየችው፣ ከዚያ ሄዳ በርበሬዋን ወደ ሻንጣው መመለስ ጀመረች።

ሲዲዋን ካስገባ በኋላ ማሽኑ የጠየቀው አራት ጥያቄ ነበር፤ አራቱንም መለሰ፣ አጥፍቶ አስነሣ። ቢጫው ምልክት ጠፋ። መገልበጥ ሲያስጀምር ማሽኑ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ አለ። አሕመድኑር እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተመለከተ። አረንጓዴዎቹ ሳጥኖች እየተከተሉ ይሞላሉ፤ የኢድ ማግሥት የተቀዳው አለፈ፣ እናቱ ታመው ሐኪም ቤት ተኝተው በነበሩበት ሳምንት የተቀዳው አለፈ፣ ደረሶቹ ስድስት ብቻ የቀሩበት ክረምት አለፈ። ዐሥር ዓመት፣ አንድ ሰው ፀጉሩን ተቆርጦ በሚጨርስበት ጊዜ። ከሁሉ ይበልጥ ያናደደው ይህ ፍጥነት ሆነ። ዐሥር ሰዓት ሊሆን ሲል አለቀ። ፈውዚያ መጥታ ዝርዝሩን ከላይ ጀምራ አየች፤ ጣቷን አንደኛው ላይ አቆመች።

«አንድ ብሎ የሚጀምረው አንተ ከቀዳኸው ነው» አለች። «የኔዎቹስ?»

ከጠዋት ጀምሮ፣ ምናልባትም ከአርባ ቀን ጀምሮ የፈራው ይህን ጥያቄ ነበር። ተበላሽተዋል ቢላት ታምነዋለች። ጎንበስ ብሎ ከፎቶ ኮፒው ሥር አንድ ትልቅ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ሳበ። ውስጡ ዘጠኝ ካሴት አለ። በላያቸው ላይ ያለው ጽሑፍ የልጅ እጅ ነው፤ ቁጥር የለውም፣ ቀን ብቻ። መቅዳቱን የጀመረችው እሷ ናት። ጅዳ ስትሄድ ቴፑን ለእሱ ሰጠችው። ከሁለት ዓመት በፊት መገልበጥ ሲጀምር መጀመሪያ ያዳመጠው የእሷን አንደኛ ካሴት ነበር፤ አዳምጦ እንደጨረሰ ገመዱን ነቅሎ ዘጠኙንም ቆርቆሮው ውስጥ ከተታቸው።

«አልገለበጥኳቸውም» አለ። «ለእነዚህ ካርዷ አትረዳም። አንድ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ነው።»

«እስከ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት አለን?»

«አሥራ ሦስት።»

«አብሽር» አለችና በርጩማ ስባ ተቀመጠች። «ክፈተዋ!»

ካሴቱን አስገብቶ ገመዱን ሰካ። መጀመሪያ ትንፋሽ ተሰማ፣ ከዚያ የአንዲት ልጅ ድምፅ፦ «አባ፣ ይጀምሩ፤ ቀይዋ መብራት በርታለች!» ሰው ሳቀ። ከዚያ የሸሁ ድምፅ፣ በዐሥር ዓመት ወጣት የሆነ፦ «እናንተ ዝም በሉ፣ ዛሬ ዳኛዋ ፈውዚያ ናት።» ትምህርቱ ቀጠለ። ፈውዚያ ጋቢዋን አፏ ላይ ይዛ ታዳምጣለች። አሕመድኑር የሚጠብቀው መጨረሻውን ነው፤ ያውቀዋል። ሃምሳ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ፣ ዱዓው ካበቃ በኋላ፣ ሸሁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እጅሽን አላህ ይባርከው፣ የኔ ልጅ፤ ድካምሽን አይቻለሁ» ይላሉ። በእሱ መቶ አርባ ሦስት ካሴቶች ውስጥ ሸሁ በቢስሚላህ ይጀምራሉ፣ በዱዓ ይጨርሳሉ። ስሙ አንድ ቦታ እንኳ የለም። እያንዳንዷን ደቂቃ ሰምቷታል፤ የለም።

ቃሉ ሲነገር ሁለቱም ቀና አላሉም። የበሩ መጋረጃ ተነሥቶ ሸህ ሀቢቡላህ ቆመው ነበር፤ መቼ እንደመጡ አልታወቀም።

«ይቺ ፈውዚያ ናት» አሉ ፈገግ ብለው።

«የኔ ዘጠኝ ነው፣ አባ» አለች። «የአሕመዴ መቶ አርባ ሦስት ነው። ተደርድሮልዎታል፣ ይዩት።»

ሸሁ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ወደ መደርደሪያው ተጠጉ። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ የመጀመሪያውን ረድፍ ቆጠሩ፤ ሁለተኛውን ቆጠሩ፤ ሦስተኛው ላይ ቆሙ። «መቶ አርባ ሦስት ሐሙስ?» አሉ፤ ለማን እንደሆነ አይታወቅም። ከዚያ አንዱን ካሴት አውጥተው ጀርባውን ለረጅም ጊዜ አነበቡ።

«ቁጥሩን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባ።»

«ጽሕፈትህ ያምራል።»

ካሴቱን በቦታው መለሱና ለመግሪብ ውዱእ ሊያደርጉ ወጡ። ሁለት ቃል ነው። አሕመድኑር ቆጠረው። ካሴቱ ላይ ያለው ሰባት ነው፤ እሱንም ቆጥሮታል።

ቴፑ ጠቅ ብሎ ቆመ። አሕመድኑር አዲሱን ፋይል ስም ሰጥቶ ለማስቀመጥ ቁጥሩን ጻፈ፦ ዜሮ ዜሮ አንድ። ማሽኑ ወዲያው በእንግሊዝኛ ጠየቀው፤ በዚህ ስም ሌላ አለ፣ ይተካ? ፈውዚያ እንግሊዝኛ አታነብም። ማያ ገጹን አየች፣ እሱን አየች፣ ምን እንደተጠየቀ አላወቀችም። ጣቱ ትንሽ ቆየ። «አይተካም» የሚለውን ተጫነና የእሷን ለጊዜው በሌላ ስም አስቀመጠ።

ከዚያ ሁለተኛውን ካሴት ቴፑ ውስጥ ከተተና አስጀመረው። ካሴቱ እየተጫወተ እሱ የራሱን ፋይሎች ዝርዝር ከፈተ። የእሷ ዘጠኝ ከላይ እንዲገቡ፣ እያንዳንዳቸው በዝርዝሩ ዘጠኝ ቁጥር ወደ ታች መውረድ አለባቸው። ከላይ ቢጀምር አንዱ በሌላው ላይ ይወድቃል፤ ከመጨረሻው ነው መጀመር ያለበት። በካርዷ እንደገና መገልበጥ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ መብራቱ ከጸና ይደርሳል።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች ፈውዚያ።

«ቦታ እየለቀቅሁ» አለ፤ መቶ አርባ ሦስት የሚለውን ደልዞ መቶ ሃምሳ ሁለት ብሎ ጻፈ።